ሰርቲፊኬቱ ደርሷል፣ ቁልፉ የታለ? የድረ ገጽ ሰርቲፊኬት ፋይሎችና የግል ቁልፍ አያያዝ መመሪያ

ጅማ ውስጥ የሆቴል፣ የክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት ወይም የቡና ላኪ ድርጅት ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰርቲፊኬቱን ገዝተናል፣ ፋይሉም በኢሜይል ደርሶናል። ሰርቨሩ ግን የግል ቁልፍ አምጡ ይላል። ከየት እናምጣ?» አብዛኛውን ጊዜ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ አዲስ አበባ ነው፤ ያሉትን ፋይሎች በቴሌግራም ልኮ ሥራውን ጨርሷል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከመድገም መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። የግል ቁልፉን ሰርቲፊኬት ሰጪው ድርጅት አይልክላችሁም፤ እርሱም ዘንድ የለም። ቁልፉ የሚወለደው የሰርቲፊኬት ጥያቄው፣ ማለትም «ሰርቲፊኬት ይሰጠን» ብሎ ወደ ሰጪው የሚላከው ፋይል፣ በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ላይ ነው። ወደ ሰጪው የሚሄደው ጥያቄው ብቻ ሲሆን የሚመለሰውም ሰርቲፊኬቱ ብቻ ነው። የግል ቁልፍን እንደ ድርጅቱ ማኅተም ቁጠሩት፤ ሰርቲፊኬቱ ደግሞ ማኅተሙ የማን እንደሆነ የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ለፈለገ ሁሉ ማሳየት ይቻላል፤ ማኅተሙ ግን ከመሳቢያው አይወጣም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የራሳችሁ የሆነ ንጹሕ ኮምፒውተር። መብራት በመሃል ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፕ ይመረጣል። በኅትመትና በኢንተርኔት ቤቶች ኮምፒውተር ይህን ሥራ አትሥሩ፤ የሰካችሁት ፍላሽ ላይ ምን እንደሚገባ፣ ከፍላሹም ምን እንደሚቀዳ አይታወቅም።
- ቁልፎችንና ሰርቲፊኬቶችን የሚያስተዳድረው ኤክስሲኤ የተባለው ነጻ ፕሮግራም። በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል፤ ሳይጫን የሚሠራ የዊንዶውስ እትምም አለው። ከራሱ ከፕሮግራሙ ገጽ ብቻ አውርዱት። ኦፕን ኤስኤስኤልን በትእዛዝ መስመር የለመደ ሰው ይህንኑ ሁሉ በዚያ መሥራት ይችላል።
- ኖትፓድ ወይም ሌላ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ። ዎርድ አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።
- እስካሁን የደረሷችሁ ፋይሎች በሙሉ፣ «አይጠቅምም» ያላችሁትም ጭምር።
- ወደ ሰርቨሩ ወይም ወደ ሲፓነሉ (ድረ ገጹ የሚተዳደርበት ገጽ) የሚያስገባ የይለፍ ቃል።
- ለሌላ ሥራ የማይውሉ ሁለት ፍላሾች፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶና የሚታሸግ ፖስታ።
- የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ።

አሠራሩ

1. ፋይሎቹን በአንድ አዲስ ፎልደር ሰብስቡና ቅጂያቸው ላይ ብቻ ሥሩ።

ከኢሜይል፣ ከቴሌግራምና ከአሮጌ ፍላሽ ያገኛችሁትን ሁሉ አምጡ። ዋናዎቹን አትንኩ። በአንድ ፊደል ስህተት የተበላሸ ቁልፍ በቀላሉ ስለማይጠገን መመለሻ ሊኖራችሁ ይገባል።

2. እያንዳንዱ ፋይል ምን እንደሆነ ለዩ።

ብዙው ግራ መጋባት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። የፋይሉ ቅጥያ አያስተማምንም። ፔም የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ቁልፍም፣ ሰርቲፊኬትም፣ ሁለቱንም የያዘም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኖትፓድ ከፍታችሁ የመጀመሪያውን መስመር አንብቡ። መስመሩ በአምስት ጭረት ጀምሮ በአምስት ጭረት ያበቃል፤ በመካከሉ ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ማንነቱን ይናገራሉ።

«ቢጊን ሰርቲፊኬት» ካለ ሰርቲፊኬት ነው። ያው መስመር በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ሰንሰለት ነው፤ የእናንተ ሰርቲፊኬትና እርሱን የፈረመው መካከለኛ ሰርቲፊኬት አብረው አሉ ማለት ነው። «ቢጊን ሰርቲፊኬት ሪኩዌስት» ካለ ጥያቄው ነው፤ ከቁልፉ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። «ቢጊን ፕራይቬት ኪ» ካለ የምትፈልጉት የግል ቁልፍ እርሱ ነው። ከ«ፕራይቬት ኪ» በፊት «አርኤስኤ» ወይም «ኢሲ» የሚል ቢጨመርበትም ያው ቁልፍ ነው። «ኢንክሪፕትድ» የሚል ካለበት ግን በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ያለ ይለፍ ቃሉ ጥቅም የለውም።

ፋይሉ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ካሳየ ሳታስቀምጡ ዝጉት። ቅጥያው ፒኤፍኤክስ ወይም ፒ12 ከሆነ ቁልፉን፣ ሰርቲፊኬቱንና ሰንሰለቱን በአንድ ላይ በይለፍ ቃል የያዘ ጥቅል ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግኝት ይህ ነው። ፒ7ቢ ከሆነ ግን ሰርቲፊኬቶች ብቻ እንጂ ቁልፍ የለበትም፤ የፋይሉ ትልቅነት አያታልላችሁ።

3. በኤክስሲኤ አዲስ ዳታቤዝ ፍጠሩና ፋይሎቹን አስገቡ።

ከፋይል ዝርዝሩ አዲስ ዳታቤዝ የሚለውን ስትመርጡ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ይህ የይለፍ ቃል በዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች የሚያመሰጥር ስለሆነ ረጅም አድርጉት። በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፉት። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የይለፍ ቃል በአንዱ ፕሮግራም ተቀባይነት አግኝቶ በሌላው ሊከለከል ይችላል፤ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሰሌዳ ሳይታወቅ ወደ አማርኛ ሲዞርም ምን እንደጻፋችሁ አታዩም። ከዚያ ቁልፍ የሆነውን በቁልፎች ገጽ፣ ጥያቄውን በጥያቄዎች ገጽ፣ ሰርቲፊኬቶቹን በሰርቲፊኬቶች ገጽ አስገቡ።

4. ቁልፉና ሰርቲፊኬቱ ጥንድ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሰርቲፊኬቱ በውስጡ ይፋዊ ቁልፍ አለ፤ ያ ይፋዊ ቁልፍ ከአንድ የግል ቁልፍ ጋር ብቻ ይገጥማል። ኤክስሲኤ ጥንዶቹን ራሱ ያገናኛል፤ በሰርቲፊኬቱ አጠገብ የቁልፍ ምልክት ከታየ ገጥሟል። ምልክቱ ከሌለ የያዛችሁት ቁልፍ የሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የባለፈው ዓመት ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ወደ ሰርቨሩ መሄድ ድረ ገጹን በሥራ ሰዓት ማቆም ሊሆን ይችላል። ኤንጂንኤክስን የመሳሰሉ ሰርቨሮች ያልገጠመ ጥንድ ሲሰጣቸው አንነሳም ይላሉ።

ገጥሞ ከሆነ ወደ 7ኛው ተራ ቁጥር እለፉ።

5. ቁልፉ ከሌለ ጥያቄው የተዘጋጀበትን ቦታ ፈልጉ።

ባለሙያውን ስትጠይቁ «ቁልፉን ላክልኝ» አትበሉ፤ «የሰርቲፊኬት ጥያቄውን ያዘጋጀኸው የት ላይ ነው?» በሉት። ሁለተኛው አነጋገር ቦታውን ያስታውሰዋል፤ የመጀመሪያው ግን ፋይሉን በቴሌግራም ያስልካል።

በሲፓነል ከሆነ ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ በሚለው ገጽ ውስጥ የግል ቁልፎች ዝርዝር አለ፤ ሰርቲፊኬቱን እዚያው ስታስገቡ ሲፓነል የሚገጥመውን ቁልፍ ከዝርዝሩ ራሱ ሊያመጣላችሁ ይችላል። በዊንዶውስ ሰርቨር የተዘጋጀ ከሆነ ቁልፉ በፋይል መልክ አይታይም፤ በዊንዶውስ የሰርቲፊኬት መዝገብ ውስጥ ሆኖ ሰርቲፊኬቱ ወደዚያው ማሽን እስኪመጣለት ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ጥያቄውን የማጠናቀቅ ሥራ በዚያው ማሽን ላይ መሠራት አለበት። በሊኑክስ በሰርትቦት (ከሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ ሰርቲፊኬት በሚያመጣው ፕሮግራም) የተገኘ ከሆነ ደግሞ በኢቲሲ ሥር ሌትስኢንክሪፕት በሚለው ፎልደር ውስጥ «ላይቭ» የሚባለውን እዩ። እዚያ አራት ፋይሎች ይኖራሉ፤ ቁልፉ «ፕራይቭኪ» የሚለው ነው። የቁልፍ ፋይል ካገኛችሁ በ3ኛውና በ4ኛው ተራ ቁጥር መሠረት አስገቡና አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በ«ላይቭ» ውስጥ ያሉት ማገናኛዎች ብቻ ናቸው፤ እውነተኛዎቹ ፋይሎች «አርካይቭ» ውስጥ ናቸው። «ላይቭ»ን ብቻ በመጠባበቂያነት የገለበጠ ሰው ሰርቨሩ ሲበላሽ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

6. ካልተገኘ አዲስ ቁልፍና አዲስ ጥያቄ አዘጋጁ።

ከአሮጌው ሰርቲፊኬት ቁልፉን መልሶ የሚያወጣ መንገድ የለም። ማንም «አወጣላችኋለሁ» ቢል ገንዘባችሁን አትስጡ። ደግነቱ ብዙ ሰጪዎች የአገልግሎት ጊዜው ላላለቀ ሰርቲፊኬት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ይሰጣሉ፤ ከሻጩ ገጽ ላይ እንደገና የማሰጠት ምርጫውን ፈልጉ።

በኤክስሲኤ ጥያቄዎች ገጽ ላይ አዲስ ጥያቄ ጀምሩ። አዲስ ቁልፍ ፍጠር የሚለውን ምረጡ፤ አርኤስኤ ከሆነ ከ2048 ቢት አታሳንሱ፣ ሰጪዎቹም ከዚያ በታች አይቀበሉም። በአገር ቦታ ላይ የኢትዮጵያን ሁለት ፊደል መለያ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ጻፉ። ከዚያ አማራጭ ስሞች በሚለው ቦታ የድረ ገጻችሁን ስም ሁለት ጊዜ አስገቡ፤ አንዱ ከሦስቱ ደብልዩ ጋር፣ ሌላው ያለ እርሱ። ዘመናዊ ማሰሻዎች (ብራውዘሮች) የሚያዩት ይህን ዝርዝር እንጂ የድሮውን የዋና ስም ቦታ አይደለም፤ አንዱን ከረሳችሁ ግማሹ ጎብኚ ማስጠንቀቂያ ያገኛል።

ጥያቄውን ብቻ በፔም መልክ አውጡና ላኩ። ሰርቲፊኬቱ ሲመጣ በ3ኛውና በ4ኛው ተራ ቁጥር መሠረት አስገቡና አረጋግጡ። አንዳንድ ሻጮች በገጻቸው ላይ «ቁልፉን እኛ እንፍጠርላችሁ» ይላሉ። ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁልፉ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከተፈጠረ ቅጂው ቀርቶ እንደሆነ ማረጋገጫ የላችሁም።

7. ሰንሰለቱን በትክክለኛ ቅደም ተከተል አዘጋጁ።

መጀመሪያ የእናንተ ሰርቲፊኬት፣ ቀጥሎ መካከለኛው። ሥር የሚባለው ሰርቲፊኬት በስልኮችና በማሰሻዎች ውስጥ ቀድሞ ስላለ አያስፈልግም። በኤክስሲኤ ሰርቲፊኬቱን መርጣችሁ በሰንሰለት መልክ ስታወጡ ቅደም ተከተሉን ፕሮግራሙ ይጠብቅላችኋል፤ በእጅ መቀጠል ግን ስህተት ይወልዳል።

8. ሰርቨሩ ላይ ጫኑ።

ለሊኑክስ ሰርቨር ሁለት ፋይል ይበቃል፤ ሰንሰለቱና ቁልፉ። ቁልፉን በኤስኤፍቲፒ ወይም በኤስሲፒ ላኩ፤ ተራው ኤፍቲፒ ሁሉን ነገር በግልጽ ስለሚያሳልፍ ለዚህ አይሆንም። ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ የቁልፉን ፈቃድ 600 አድርጉ፤ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነብና እንዲጽፍ ማለት ነው። ድረ ገጹ በሚታይበት ፎልደር ውስጥ ቁልፍ አታስቀምጡ፤ አድራሻውን የገመተ ሁሉ ያወርደዋል። ከዚያ ቅንብሩ መጀመሪያ በፍተሻ ትእዛዙ ይፈተሽ፣ ቀጥሎ ዳግም ይጫን፤ ሰርቨሩ ሳይዘጋ ቅንብሩን እንደገና ያንብብ ማለት ነው። ሰርቨሩን ዘግቶ ከማስነሳት ዳግም መጫን ይሻላል፤ ስህተት ቢኖር አሮጌው ቅንብር ሥራውን ይቀጥላል።

ለዊንዶውስ ፒኤፍኤክስ ጥቅል አውጡ። ስታስገቡት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ መድረሻው የኮምፒውተሩ መዝገብ እንጂ የእናንተ የተጠቃሚ መዝገብ አይሁን፤ አለበለዚያ ድረ ገጹ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ወደፊት መውጣት እንዲችል የሚፈቅደው ሳጥን ሳይነካ ከቀረ አልተመረጠም። መጠባበቂያ በሌላ ቦታ ካላችሁ ሳይመረጥ መቅረቱ ለደኅንነት ጥሩ ነው። መጠባበቂያ ከሌላችሁ ግን ሰርቨር በምትቀይሩበት ቀን ቁልፉን ማውጣት አትችሉም።

9. በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩ።

የቢሮውን ዋይፋይ ዝጉ። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ማሰሻው መካከለኛውን ሰርቲፊኬት ከዚህ ቀደም አስቀምጦት ሊሆን ስለሚችል የሰንሰለት ጉድለት ላይታያችሁ ይችላል። ከሦስቱ ደብልዩ ጋርም ያለ እርሱም ክፈቱ፤ የሰርቲፊኬቱ ማብቂያ ቀን አዲሱ መሆኑን እዩ።

10. መጠባበቂያ አስቀምጡ፣ ትርፉን አጥፉ።

የኤክስሲኤን ዳታቤዝ በሁለቱ ፍላሾች ላይ ቅዱ። አንዱ በቢሮው ካዝና፣ ሌላው በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ፤ ፈረንጅ አራዳ ያለው ቢሮ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ መሳቢያ መክተት አንድ ፍላሽ ከመያዝ አይለይም። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጁ ስጡ፤ ከፍላሹ ጋር አታስቀምጡት። የጅማ ክረምት ወረቀት ስለማይምር ፖስታውን በላስቲክ ጠቅልሉት።

በ1ኛው ተራ ቁጥር የፈጠራችሁትን ፎልደርና ዋናዎቹን ፋይሎች፣ የማውረጃ ፎልደር ውስጥ የቀሩትን፣ በኢሜይልና በቴሌግራም ያሉትን የቁልፍ ቅጂዎች አጥፉ። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። ከፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል ቁልፍ የነካውን ፍላሽ ለሌላ ሥራ አታውሉት።

11. የማብቂያውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ ጻፉ።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ድረ ገጽ የሚዘጋው ግን በዚህ ነው። በሰርቲፊኬቱ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠርና በግሪንዊች ሰዓት ነው። ለምሳሌ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026፣ 23፡59 ላይ ያበቃል የሚል ሰርቲፊኬት ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለሚቀድም የሚዘጋው በዚያው ሌሊት 8፡59 ላይ ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑ ነው፤ ባለሙያ በስልክ የማይገኝበት ቀን! ስለዚህ ማስታወሻውን ከማብቂያው 30 ቀን ቀደም አድርጋችሁ ያዙ።

የቆይታ ጊዜውም እያጠረ ነው። በማሰሻዎች የሚታመኑ የድረ ገጽ ሰርቲፊኬቶች ከፍተኛ ዕድሜ 398 ቀን ነበር። ከመጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚሰጡት 200 ቀን፣ ከመጋቢት 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ቀን፣ ከመጋቢት 6 ቀን 2021 ዓ.ም. ጀምሮ 47 ቀን እንዲሆን ተወስኗል። በ47 ቀን አንዴ ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት አድካሚ ነው። ሰርቨራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያለ ራሱን የሚያድስ አሠራር ከአሁኑ አስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁልፉ በሌላ እጅ ከገባ

በቴሌግራም ቡድን የተለጠፈ፣ በጠፋ ፍላሽ ላይ የነበረ፣ ወይም ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ይዞት የሄደ ቁልፍ እንደተሰረቀ ይቆጠራል። መልእክቱን ማጥፋት በየስልኩ የወረደውን ቅጂ አይመልስም። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል መቀየርም ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ መቀየር ያለበት ራሱ ቁልፉ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አዲስ ቁልፍ ፍጠሩ፤ በእርሱ ሰርቲፊኬቱን እንደገና አሰጡ፤ አዲሱን ጫኑ፤ ከዚያ አሮጌው እንዲሰረዝ ሰጪውን ጠይቁ፤ ምክንያቱንም የቁልፍ መጋለጥ ብላችሁ ግለጹ። ስረዛውን ካስቀደማችሁ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ድረ ገጹ በማስጠንቀቂያ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአሮጌው ቁልፍ አዲስ ሰርቲፊኬት ማሰጠት ምንም አልቀየረም።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ቁልፉን በዎርድ ከፍቶ ማስቀመጥ። ዎርድ አምስቱን ጭረቶች ወደ ረጅም ሰረዝ ሊለውጥ ይችላል፤ ለዓይን ያው ነው፣ ሰርቨሩ ግን አያውቀውም። ጽሑፉን በቴሌግራም መልእክት ለጥፎ መላክም መስመሮቹን ሊያበላሽ ይችላል።

ድረ ገጹ በኮምፒውተር ሲከፍቱት ሠርቶ በደንበኞች ስልክ አለመሥራቱ። አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ሰርቲፊኬት ቀርቷል፤ ወደ 7ኛው ተመለሱ።

የፒኤፍኤክስ የይለፍ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ «ስህተት ነው» መባል። ጥቅሉ በአዲሱ የማመስጠሪያ ዘዴ ተሠርቶ ሰርቨሩ ግን ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ወይም ከዚያ የቆየ ከሆነ ይህ ይደርሳል። በአዲስ ዊንዶውስ ላይ አስገብታችሁ፣ ቁልፉ እንዲወጣ ፈቅዳችሁ፣ ስታወጡት ትሪፕል ዴስ የሚለውን ዘዴ ምረጡ። ያ ዘዴ ደካማ ስለሆነ ሥራው እንዳለቀ ጥቅሉን አጥፉ፤ ለማሻገሪያነት የተጠቀማችሁበት ኮምፒውተር ላይ የገባውንም አስወግዱ።

«ሰርቲፊኬቱ ገና አልጀመረም» የሚል መልእክት። ሰርቲፊኬቱን ከመውቀሳችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። የሰዓት ባትሪዋ ያለቀ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ወደ ድሮ ቀን ይመለሳል። ሌላም አለ፤ ሠራተኛው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ሞልቶት ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚኖረው ከስምንት ዓመት በፊት ስለሆነ ዛሬ የተሰጠ ሰርቲፊኬት ሁሉ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስተካክሉ፣ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ አድርጉ፣ ባትሪዋንም ቀይሩ።